ትንሿን ብርጭቆ አትናቋት፦ በብሩዥ የቢራ ቅምሻ ጉዞ ለምትሄዱ ሁሉ ማሳሰቢያ

ለስብሰባ፣ ለጉብኝት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ቤልጅየም ለምትመጡ፣ እዚሁ ኖራችሁም እንግዳ ተቀብላችሁ ከተማ ለምታሳዩ ወገኖች በሙሉ፦ ብሩዥ ውስጥ በአስጎብኚ እየተመሩ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው በእግር እየሄዱ ቢራ ለሚቀመስበት ጉዞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አትሂዱ ለማለት አልጻፍሁትም። ስትሄዱ ግን ምን እንደምትጠጡ አውቃችሁ ሂዱ።

ችግሩ የሚጀምረው ከብርጭቆዋ ነው። በየቤቱ የምትቀርበው ብርጭቆ ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሊትር ያህል ብቻ ስለምትይዝ በዐይን ሲያዩዋት አታስፈራም። «ቅምሻ» የሚለው ቃልም ያዘናጋል። አገር ቤት መቅመስ ማለት ጠላው ደረሰ አልደረሰም ብሎ አንድ ጉንጭ ወስዶ ማየት ነው። እዚህ ግን ቀማሹ ብርጭቆውን ይጨርሳል፤ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ይጨርሳል።

አገር ቤት የለመድነው የጠርሙስ ቢራ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ ገደማ ነው። «ሁለት ብጠጣ ምንም አልሆንም፣ አራት ግን ይበዛብኛል» የምንለው እሱን መለኪያ አድርገን ነው። ብሩዥ ላይ ይህ ልክ አይሠራም። ከተማው መሀል የሚጠመቀው ብሩግሰ ዞት 6 በመቶ ነው። ይህንኑ የሚጠምቀው ደ ሃልቨ ማን የተባለ ቤት የሚያወጣው ስትራፈ ሄንድሪክ ትሪፕል ግን 9፣ ኳድሩፕሉ ደግሞ 11 በመቶ ነው። ዱቭል 8.5 ነው፤ ቬስትማለ ትሪፕል 9.5፤ ጉልደን ድራክ 10.5። ቡሽ የሚባለው ቀላ ያለ ቢራ 12 በመቶ ይደርሳል፤ ይህ የወይን ጠጅ ጉልበት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አምስት ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሊትር፣ በአማካይ 8.5 በመቶ ቢሆን፣ ውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 50 ግራም ያህል ነው። ቤልጅየም ውስጥ አንድ መደበኛ ብርጭቆ የሚባለው 10 ግራም አልኮል የያዘ ስለሆነ፣ አምስቱ ትንንሽ ብርጭቆዎች አምስት ሙሉ ብርጭቆ ሆኑ ማለት ነው። ጉዞው ሲያልቅ «አንድ ሙሉ ደግሞ እንውሰድ» ተብሎ 33 ሴንቲ ሊትር ቬስትማለ ትሪፕል ቢጨመር ሌላ 25 ግራም ይገባል። ድምሩ 75 ግራም፤ በአገር ቤት ቢራ ብንመነዝረው ወደ 6 ጠርሙስ። ጤነኛ ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ደግሞ አንድ መደበኛ ብርጭቆ ገደማ ነው። ቡና መጠጣት፣ ፊት መታጠብ፣ ነፋስ መቀበል ይህን አያፋጥነውም። የቤልጅየም ከፍተኛ የጤና ምክር ቤት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ10 መደበኛ ብርጭቆ እንዳያልፍ ይመክራል። ከላይ ያሰላነው ሰው የሳምንቱን ሦስት አራተኛ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል።

ጣዕሙም አያስጠነቅቅም። ትሪፕል የሚባለው የቢራ ዓይነት ወርቃማ፣ ለስላሳ፣ ጣፈጥ ያለ ነው፤ ጠጅ የሚያውቅ ሰው ጠባዩን ወዲያው ይለየዋል። ብርሌው ፊት ለፊት ሳለ ጨዋታው ይደራል፤ ለመሄድ ሲነሡ ነው እግር የሚከዳው። የፍራፍሬ ቢራዎቹ ደግሞ ከዚህም የባሰ ያሳስታሉ። ሊንደማንስ ክሪክ የተባለው የቼሪ ቢራ 3.5 በመቶ ብቻ ነው። በመልክም በጣዕምም የሚቀራረበው ደሊሪየም ሬድ ግን 8 በመቶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡላችሁ በምላስ አትለዩአቸውም።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ቁጥርም ሁልጊዜ የአልኮል መጠን አይደለም። የሮሽፎር ገዳም ቢራዎች 6፣ 8 እና 10 ተብለው ይጠራሉ። ቁጥሮቹ የመጡት ቀድሞ የጥንስሱ ውፍረት ይለካበት ከነበረ የቤልጅየም መለኪያ ነው። ባለ 6 የተባለው 7.5፣ ባለ 8 የተባለው 9.2፣ ባለ 10 የተባለው 11.3 በመቶ አልኮል አለው። «6 ከሆነማ ቀላል ነው» ብሎ የሚያዝዝ ሰው ከመጀመሪያው ጉንጭ ተሳስቷል። ትክክለኛው መጠን በመቶኛ ምልክት በጠርሙሱ ላይ መጻፍ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግዴታ ስለሆነ ፈልጋችሁ አንብቡት። ከበርሜል የሚቀዳ ከሆነ አስጎብኚውን ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ ሳይጠየቅም ይናገራል።

«የገዳም ቢራ» መባሉም እኛን በተለየ መንገድ ያታልለናል። መነኮሳት የጠመቁት ነገር ሰው አይጎዳም የሚል ስሜት ያድርብናል። ትራፒስት የሚል ማኅተም ያለው ቢራ በእርግጥም በገዳሙ ቅጥር ወይም በአቅራቢያው፣ በመነኮሳቱ ቁጥጥር ሥር የሚጠመቅ፣ ገቢውም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለምጽዋት የሚውል ነው። ነገር ግን ከብርቱዎቹ ቢራዎች ብዙዎቹ የእነርሱ ናቸው። ቬስትፍሌተረን 12 የተባለው 10.2 በመቶ ነው። በጥቅሉ «የአቤይ ቢራ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከገዳም ላይወጣ ይችላል፤ ለምሳሌ ሌፍ የሚባለው የሚጠመቀው ሉቨን ከተማ ባለ ትልቅ ፋብሪካ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው የሰዎቹን ባህል ለማቃለል አይደለም። የቤልጅየም የቢራ ባህል እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይገባዋልም። ብሩዥ ውስጥ ግሩትሁስ የሚባል ያማረ ቤተ መንግሥት መሰል ሕንጻ አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ያሠራው ቤተሰብ የከበረው፣ እንደ እኛ ጌሾ ለቢራ መጥመቂያ ይገባ በነበረው ግሩት የተባለ የቅጠላ ቅጠል ቅምር ላይ በነበረው መብት ነው። ጌሾ ወቅጦ ላደገ ሰው ይህን ታሪክ እዚያው ቆሞ መስማት ትልቅ ደስታ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ብዙ እንግዳ ይህን ሰምቶ ሳይጨርስ መስከሩ ነው።

ባለፈው መጸው ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣ ወዳጄን ይዤ በእንዲህ ያለ ጉዞ ሄጄ ነበር። ጠዋት ከብራስልስ ስንነሣ ከቡና በቀር ምንም አልቀመሰም። ሦስተኛው ቤት ላይ «ይሄ እኮ ጭማቂ ነው» አለኝ። እኔም ስቄ ዝም አልሁ፤ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከአምስተኛው ቤት ስንወጣ መሽቶ ነበር። ቦዩ ዳር ባለ ዝቅተኛ ግንብ ላይ ቁጭ ካለ በኋላ ሰውነቱ ወደ ኋላ ሲያጋድል በኮቱ እጅጌ ይዤ አስቀረሁት። ስልኩ ውሃው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳልናገር ሰው ወደ ብሩዥ ሸኝቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ምግብ። በባዶ ሆድ አትሂዱ። በተለይ በጾም ወራት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ወዲያው ቅምሻ መጀመር አደገኛ ነው። ከቢራው ጋር የሚቀርበው ቁርስ አይብና ሳላሚ ስለሆነ ጿሚው አይነካውም። ሙስሊም ወገኖቻችን ምናልባት ስለ ከተማውና ስለ ታሪኩ ሲሉ አልኮል የሌለውን ይዘው ቢሄዱ፣ ሳላሚው ብዙ ጊዜ የአሳማ መሆኑን ይወቁ። የድንች ጥብሱም ቢሆን በቤልጅየም ልማድ በበሬ ሞራ የሚጠበስ ስለሆነ ጾመኛ ሳይጠይቅ እንዳይበላ። ቤታችሁ በልታችሁ፣ ዳቦና ውሃ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ውጡ። በሁለት ብርጭቆ መካከል ውሃ ጠይቁ።

መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከአገር ቤት ስንመጣ ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ የታዘዘ ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎቻችን ፍላጂል የምንለውን፣ በቦርሳ መያዝ የተለመደ ነው። እሱን እየወሰዳችሁ ከሆነ፣ ከጨረሳችሁም በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት፣ አልኮል አትንኩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ የእንቅልፍ ወይም የሚጥል በሽታ ኪኒን የሚውጥ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ መቅመስ የለበትም። ነፍሰ ጡር ሴት ጭራሽ አትቅመስ። እንዲህ ያላችሁ ሁሉ ከጉዞው መቅረት የለባችሁም፤ ብሩግሰ ዞትን የሚጠምቀው ቤት ስፖርትዞት የሚባል 0.4 በመቶ ብቻ የሆነ ቢራ ያወጣል፤ አስቀድማችሁ ካሳወቃችሁ አስጎብኚው እንዲህ ያለውን ሊያዘጋጅላችሁ ይችላል።

መመለሻችሁን ጠዋት፣ አእምሯችሁ ሳይደክም ወስኑ። የብሩዥ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ቦዮቹ ከተማዋን አቋርጠው ያልፋሉ፤ ብዙ ቦታ ላይ መከለያቸው ከጉልበት አይዘልም፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። ባቡር ጣቢያው ከዋናው አደባባይ የሃያ ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። ወደ ብራስልስ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከኦስተንድ የሚነሣው ባቡር ግን ጉዞውን ብራስልስ ላይ አይጨርስም፤ በሉቨንና በሊዬዥ አድርጎ ጀርመን ድንበር አጠገብ እስካለችው ኦይፐን ይዘልቃል። እንቅልፍ የጣለው ሰው በሌሊት የሚነቃው እዚያ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ አልኮል ሰውነትን የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን በቆዳ በኩል ያስወጣል፤ ካፖርታችሁን አታውልቁ።

መኪና ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚነዳው ሰው አንድ ጠብታ አይቅመስ። ሕጉ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ደም ከ0.5 ግራም በታች ነው፤ ይህን ወሰን ሁለት የቅምሻ ብርጭቆ ሊያስጥስ ይችላል። ወሰኑ ብስክሌትና የኤሌክትሪክ ስኩተር የሚነዳውንም ይመለከታል፤ በኪራይ ብስክሌት እመለሳለሁ የሚል ካለ ይህን ይስማ። ቤልጅየሞች የማይጠጣውን ሹፌር «ቦብ» ይሉታል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1995 እዚሁ አገር የተጀመረ ነው። «ዛሬ ቦብ ነኝ» ያለን ሰው ማንም አይለምነውም። እኛ ደግሞ «በሞቴ አንድ ብቻ» ማለት እንወዳለን። እባካችሁ፣ በዚህ ጉዞ ላይ ማንንም በሞቴ አትበሉ።

ሴት እኅቶቼ፣ ብርጭቆአችሁን ትታችሁ ወደ መጸዳጃ አትሂዱ፤ ከማታውቁት ሰው የተቀዳ አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብራስልስ ውስጥ ብዙ ወጣት ሴቶች በመጠጥ ቤት ውስጥ መጠጣቸው ውስጥ የሚያደነዝዝ ነገር ተጨምሮባቸው ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረው ትልቅ ንቅናቄ አስነሥተዋል። ከጠጣችሁት በላይ ድንገት ከደከማችሁ አብሯችሁ ላለው ሰው ወዲያው ንገሩ። ጥቃት ከደረሰም ለጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎች የተቋቋሙ የእንክብካቤ ማዕከላት አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በብራስልስ፣ በጌንትና በሊዬዥ የተከፈቱት ናቸው። ቀንም ሌሊትም ይቀበላሉ፤ ለፖሊስ ክስ ማቅረብ ግዴታ አይደለም።

ስለ ክፍያው በአጭሩ፦ ለተወሰነ ቀን የተያዘ የመዝናኛ ጉዞን በኢንተርኔት ከከፈላችሁ በኋላ፣ ለሌላ ዕቃ የሚሠራው የ14 ቀን የመሰረዝ መብት አይሠራም። ስለዚህ ስንት ብርጭቆ እንደሚቀርብ፣ በምን መጠን፣ ምግብ ይኑረው አይኑረው፣ ብትቀሩ ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ አስቀድማችሁ አንብቡ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ፣ ቤልጅየም ውስጥ ለ16 ዓመት ልጅ ቢራ መሸጥ ሕጋዊ ነው፤ በእኛ አገር 21 ነው። አስተናጋጁ አይከለክልላችሁም፤ የምትከለክሉት እናንተ ናችሁ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። አብሯችሁ ያለ ሰው ሲጠሩት ካልመለሰ፣ እየተኛ ካስመለሰው፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ብላችሁ አትተዉት። በጎኑ አስተኙት፤ አጠገቡ ቆዩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ወይም ስለሌላችሁ ፈርታችሁ ከመደወል እንዳትቆጠቡ። ወረቀት የሌለው ሰውም በቤልጅየም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ በአንጻሩ በአደጋ ላይ ያለን ሰው እያዩ ትቶ መሄድ በአገሩ ሕግ ወንጀል ነው። የምትደውሉት 112 ነው፤ ከየትኛውም ስልክ በነጻ ይሠራል።