«ጀግና» ማለት ወጪ የለውም፤ እረፍት ግን በጀት ይፈልጋል

አክስቴ ነርስ ናት። የምትሠራው ወታደር ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቆየን። ከአዳር ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ትላለች። «ቡና ላፍላ?» ስላት ቶሎ አትሰማኝም። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ድሮ አንድ ልጅ ሲያቃስት ሆዴ ይባባ ነበር። አሁን ፋሻውን ቀይሬ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። ምን ሆኜ ነው?»

ይሄ ነገር ስም አለው፦ በርንአውት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያብራራው፣ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ጫና የሚያመጣው ነገር ነው ብሎታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ «ምንም እየሠራሁ አይደለም» ማለት። ልብ በሉ፣ ትርጉሙ የሚጀምረው ከነርሷ ሳይሆን ከሥራው ነው።

ወታደር ሆስፒታል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ላይ ተፈርሟል፤ እግሩን ያጣ ልጅ ግን በፊርማ አይድንም። ዋርድ ውስጥ ወራት ይቆያል። ነርሷም ብዙ ጊዜ ራሷ ማዕረግ ያላት ወታደር ናት። ግንቦት 2017 ላይ የሲቪል ጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ አይተናል። እሷ ግን ሥራ ማቆም ይቅርና «ደክሞኛል» ማለት እንኳ ይከብዳታል።

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ እርጅና ቅናሽ ተምሬያለሁ። የኤክስሬይ ማሽን ሲገዛ በየዓመቱ ስንት እንደሚያረጅ ይመዘገባል፤ ለጥገናውም ገንዘብ ይያዛል። የነርሷ ማለቅ ግን የትም መዝገብ ላይ የለም። ወጪው አልጠፋም እኮ! መጀመሪያ እሷና ልጆቿ ይከፍሉታል፣ በስተመጨረሻ ደግሞ በሽተኛው። እንቅልፍ ያጣ ሰው መድኃኒት ሊሳሳት ይችላል።

«ሀገር ስትጠራ ድካም አይቆጠርም» የሚል አይጠፋም። ቢቆጠርስ? ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ወደ ስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። ሁላችንም የምናስታውሰው የያዘችውን ፋኖስ ነው። ትልቁ ሥራዋ ግን ቁጥር ነው፤ ከቁስል ይልቅ በሽታ ብዙ ወታደር እንደገደለ በአኃዝ አሳየች።

እኛም እንቁጠር። አንድ ነርስ ስንት አልጋ ትይዛለች? በወር ስንት አዳር አላት? ከከባድ ቁስለኞች ዋርድ ሳትቀየር ስንት ወር ቆየች? የነገረችው ነገር ወደ አለቃዋ የማይሄድ የምክር አገልግሎት አላት? ይሄ ከታወቀ፣ ተራ መቀያየርም በጀት መጠየቅም ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው?

አክስቴን «አንቺ ምንም አልሆንሽም፤ ያለ እረፍት ስለሠራሽ ነው» አልኳት። ፈገግ አለች። «እሱን ለአለቆቼ ንገርልኝ» አለችኝ።

ይኸው፣ ነገርኩ።