ዶሮ ከመግዛታችን በፊት

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ከገበያ አንዲት ገብስማ ዶሮ ገዝተን ወደ ቤታችን ወሰድን። ዋጋዋ ከሌሎቹ ቀነስ ያለ ስለ ነበረ ደስ ብሎን ነበር። ለበዓሉ የሚታረድ ስለ ነበረን፥ እርሷን ለእንቁላል ትሁነን ብለን ከዘጠኙ ዶሮዎቻችን ጋር በአንድ ቆጥ አሳደርናት። በአምስተኛው ቀን አንገቷ ወደ ጎን ዞረ፤ በሰባተኛው ቀን ሞተች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከዘጠኙ ስምንቱ ተከተሏት። ልጆቻችን ስም ያወጡላት ቄብ እንኳ አልቀረችም። (አማርኛ በመማር ላይ ለሚገኙ አንባብያን፥ ቄብ ማለት እንቁላል መጣል ያልጀመረች ወይም ገና የጀመረች ወጣት ዶሮ ናት።)

ይህን በሽታ አገሩ ፈንግል ይለዋል። በሳይንስ የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ በዶሮዎች ላይ በመታየቱ ነው። በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቶ ነበር። በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ከያዘ በኋላ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም። ፈንግል በገባበት መንደር የሚኖር ሰው፥ ዶሮዎቹ ሳያልቁ ገንዘብ ይሁኑልኝ ብሎ ወደ ገበያ ያወጣቸዋል። ያለው ሀብት እነርሱ ብቻ የሆነውን ድኻ በዚህ ልንወቅሰው ይከብደናል። ነገር ግን ርካሽ ዶሮ ሲገኝ፥ ስለምን ረከሰች ብሎ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው፤ እኛም ያን ጊዜ ሳንጠይቅ ቀረን።

ገበያ እንደ ደረስን ዶሮዋን ወዲያው ማንሣት አይገባም። ዶሮ ሕመሟን የምትሸሽግ ፍጥረት ናት፤ ሰው ሲቀርባት ነቅታ ጤነኛ ትመስላለች። ስለዚህ ጥቂት ራቅ ብለን፥ ሌላ ዕቃ የምንገዛ መስለን እንመልከታት። ጤነኛዪቱ እግሯ በገመድ ታስሮ እንኳ ራሷን ቀና አድርጋ ወዲያና ወዲህ ታያለች፤ ጥሬ ቢበተንላት ትለቅማለች። የታመመችው ግን ላባዋን ነፍታ፥ ክንፎቿን ጥላ፥ በቀትር ታንቀላፋለች። አፏን ከፍታ ብትተነፍስ ግን ለመፍረድ አንቸኩል፤ በፀሐይ የዋለች ዶሮ ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች። ወደ ጥላ አስጠግተን ውሃ ብናቀርብላትና ከጥቂት ጊዜ በኋላ አፏን ብትገጥም ሙቀቱ ነበር ማለት ነው። ያላቋረጠች እንደ ሆነ እንተዋት።

ከዚህ በኋላ በእጅ መያዝ ነው። ብዙ ሰው በእግሯ አንጠልጥሎ ክብደቷን ብቻ ይመዝናል፤ ይህ ልማድ ዶሮዋን ከማሠቃየቱ በቀር ስለ ጤናዋ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በብብት አቅፎ መመርመር ይሻላል። ዐይኗ ክፍትና ብሩህ መሆን አለበት፤ አረፋ ወይም ዕንባ ያለበት፥ ወይም ያበጠ ዐይን መጥፎ ምልክት ነው። ከአፍንጫዋ ቀዳዳ ፈሳሽ መውጣት የለበትም። ጀርባዋን ወደ ጆሯችን አስጠግተን እስትንፋሷን እንስማ፤ የሚያንኳርር ድምፅ ካለ በሳንባዋና በጉሮሮዋ ሕመም አለ። በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ጥቁር ሰማያዊነት ከተለወጠ ከባድ በሽታ መኖሩን ያስረዳል። የገረጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለያያል፤ እንቁላል ያቆመች ወይም ላባዋን የምትለውጥ ዶሮም ትገረጣለች፥ በሆድ ትልና በቅማል የተበላችም እንዲሁ። በዚያው ሥጋ ላይ የደረቀ ቁስል ቢታይ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል።

ደረቷን በጣት ስንዳብስ መካከለኛው አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት ከተሰማን ዶሮዋ ከስታለች፤ ላባ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶ ከተሸካከረ የእከክ ተባይ አለባት። ይህ የሚድን ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጅራቷ በታች ያለው ላባ ነው። ደረቅና ንጹሕ መሆን ይገባዋል። ኩስ የተለጠፈበት ከሆነ ተቅማጥ አለባት፤ አረንጓዴና ውሃማ ከሆነ ፈንግልን መጠርጠር ነው፥ ደም ከተቀላቀለበትም በተለይ በጫጩት ላይ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ። በዚያው ላባውን ገለጥ አድርገን ሥሩን እንይ፤ በላባ ሥር የተቋጠረ ነጭ ነገር የቅማል እንቁላል ነው። እንቁላል ጣይ ናት የተባለችውንም እዚሁ መፈተን ይቻላል፤ ከጅራቷ ሥር በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ሹል አጥንቶች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚገባ ከሆነ ነገሩ እውነት ነው።

ሻጭዋንም በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል። «እናቴ፥ ይህች ዶሮ በቤትዎ ያደገች ናት ወይስ ገዝተው ያመጧት?» «በቤቴ ያደገች ናት ጌታዬ።» «የቀሩት ዶሮዎችዎስ ደኅና ናቸው?» እዚህ ላይ መልሱ ከዘገየ፥ ወይም የቀሩት ሁሉ ተሸጠዋል ከተባለ፥ አመስግኖ ማለፍ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ምርመራው ፍጹም አይደለም። ፈንግል ከተጋባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፥ ዛሬ ጤነኛ የምትመስል ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ አዲሲቱን ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ፥ ቢቻል ለሦስት ሳምንት፥ ከሌሎቹ ራቅ አድርጎ ለብቻዋ ማኖር ይገባል። የምትጠጣበት ዕቃ የራሷ ይሁን፤ የምትመገበውም ከነባሮቹ በኋላ ይሁን፤ እርሷን የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ይህ የመጨረሻው ለልጆችም ጤና ይጠቅማል።

ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት በዐይን አንድ ጠብታ ሲሆን፥ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። የሚሰጠው ግን ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችውን አያድንም።

ከስምንቱ ሞት የተረፈችው ዶሮአችን አንገቷ ጥቂት እንደ ተጣመመ ዛሬም አለች፤ ጥሬ ስትለቅም ሁለትና ሦስት ጊዜ ትስታለች። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ቄቦች ገዝተንላታል። አሁን በግቢው ማዶ በቅርጫት ሥር ናቸው፤ ልጆቻችን ቀኑን በግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመሩ ይቈጥራሉ፤ ዛሬ ስድስተኛው መሥመር ተሠምሯል።