ጀሪካኑ ይቅደም

በሱሉልታ አስፋልት ላይ የታሸገ ውሃ የጫነ መኪናና ቢጫ ጀሪካን የደረደረ የአህያ ጋሪ ይተላለፋሉ። የሁለቱም ጭነት ከአንድ መሬት ሥር የወጣ ነው። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ሱቆች ይወርዳል፤ ሌላው ቧንቧዋ ለደረቀባት እናት በጀሪካን ይሸጣል። ቡራዩም ከዚህ አትሻልም። የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ፣ አጠገቡ ያደገችው ከተማ ውሃ በፈረቃ ትጠብቃለች።

ከእግራችን ሥር ያለው እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ውሃው በባዛልቱ ስንጥቅና በቀዳዳማው ስኮሪያ ውስጥ ያዘግማል፤ የሚተካው ደግሞ በዋናነት ክረምት ነው። የሱሉልታን ሜዳ በነሐሴ ያየ ያውቀዋል፤ ሣሩ ውሃ ተኝቶበት ይከርማል። ከዚያ ውሃ ከፊሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። ሜዳው በቪላና በመጋዘን ሲሸፈን ግን ዝናቡ በቦይ ተጠራርጎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከላይ መግቢያውን እየደፈንን ከታች በፓምፕ እንስባለን።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኒዌ የምትባል ከባሕር ከፍ ያለች የኮራል ደሴት አለች። ወንዝ የላትም፤ የጉድጓዷ ጣፋጭ ውሃ በጨዋማው የባሕር ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የተቀመጠ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከልክ በላይ የሳበ ሰው ጨው ይቀምሳል። የእኛ ጉድጓድ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ውሃው ዝም ብሎ ወደ ታች ይሸሻል። አስቀድሞ የሚነጥፈው የገበሬው ምንጭና በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ገንዘብ ያለው ጠለቅ አድርጎ ያስቆፍራል።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ የቤት ውስጥ ፍጆታም ከሌላው ሁሉ እንደሚቀድም ይደነግጋል። ፋብሪካ ይዘጋ አልልም፤ በሰበታ ስንቱ ቤተሰብ ከፋብሪካ ደመወዝ ያድራል። ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር።

ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን በ2015 የተቋቋመው ሸገር ከተማ ጠቅልሏቸዋል፤ «የኔ ወሰን አይደለም» የሚል ሰበብ አብቅቷል። በእያንዳንዱ የፋብሪካ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ቆጣሪ ይተከል። የውሃው ከፍታ በበጋም በክረምትም ይለካ፤ ልኬቱም ነዋሪው በሚያነበው የወረዳ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ እስኪሆን ድረስ የከተማው አስተዳደር ለአዲስ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ የጉድጓድ ፈቃድ እንዳይሰጥ እጠይቃለሁ።