ስትሮክ፦ ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላም ሰው ለምን ይሞታል?

"ሆስፒታል ደርሶ ነበር እኮ!" በስትሮክ የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ ይህን ያልሰማ ጥቂት ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በስትሮክ ተኝተው ከሚታከሙ 10 ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት እዚያው ይሞታሉ። ቁጥሩ እንደየሆስፒታሉ ይለያያል፤ ምክንያቶቹ ግን ይመሳሰላሉ። አንዳንዶቹን ደግሞ መከላከል ይቻላል።

📌 የኛ ስትሮክ ለምን ከበደ?

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ የአንጎል የደም ሥር በረጋ ደም ይዘጋል፣ ወይ ደግሞ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከ10 ስትሮክ 8ቱ እና ከዚያ በላይ የመዘጋት ዓይነት ነው። እኛ ጋ ግን የመፍሰሱ ድርሻ በጣም ይበዛል፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ግማሽ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የበለጠ የሚገድለው ደግሞ ይሄኛው ነው።

ከጀርባው ያለው ዋና ምክንያት ያልታከመ የደም ግፊት ነው። ግፊት አያምም፤ ብዙ ሰው እንዳለበት የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። የሚያውቀውም "አሁን ተሽሎኛል" ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል።

📌 የሚባክነው ሰዓት

የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ግን ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ያውም ሲቲ ስካን ተነስቶ ነው፤ ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ከተሰጠ ሊገድለው ይችላል። መድኃኒቱም ማሽኑም በየከተማው የለም። ታማሚው ደግሞ "ምች ነው፣ ትንሽ ይተኛ" ሲባል ሰዓቱ ያልፋል፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሪፈራል ሲንከራተትም ይመሻል። ጸበል የሚሄድም ቢሆን መጀመሪያ ሆስፒታል ይድረስ። ራሱን ስቶ የደረሰ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው።

📌 አልጋው ላይ የሚገድለው

ብዙ የማይወራው ይሄ ነው። ስትሮክ የመዋጥ አቅምን ያዳክማል። ቤተሰብ አዝኖ "ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም" ብሎ አጥሚት ወይም ጁስ ያጠጣዋል። መጠጡ ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች ይከተላል። በሆስፒታል የተኙ የስትሮክ ታማሚዎችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ጥናት በ19 ሆስፒታሎች ተሞክሯል። በአንደኛው ወገን ያሉ ነርሶች ሦስት ነገር በጥብቅ እንዲከታተሉ ተደረገ፦ ትኩሳት፣ የደም ስኳር እና የመዋጥ ችሎታ። ከ3 ወር በኋላ እነሱ ጋ የሞተው ወይም የሰው ጥገኛ ሆኖ የቀረው ሰው ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። አዲስ ማሽን አልተገዛም።

ስለዚህ "ሲቲ ስካን ይገዛልን" ማለት ብቻ አይበቃም። ማሽኑ ያስፈልጋል፤ ግን እኛ ጋ ታማሚውን የሚያበላውም የሚያገላብጠውም በአብዛኛው አስታማሚው ነው። ለእሱ ደግሞ የሚያስረዳው የለም። አንድ ነርስ ብዙ አልጋ ይዛ ሁሉንም መከታተል አትችልም። ነርስ መጨመርና አስታማሚን የ10 ደቂቃ ትምህርት መስጠት ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

📌 አስታማሚው እናንተ ከሆናችሁ

👉 ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከጠመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ አትጠብቁ። 907 ደውሉ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ።
👉 ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።
👉 የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።
👉 ቤት ውስጥ አስፕሪን አትስጡ። ደም እየፈሰሰው ከሆነ ያባብሳል።
👉 ነርሷን "መዋጥ መቻሉ ታይቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እስኪታይ ድረስ ውሃም ቢሆን በአፉ አትስጡ።
👉 ሳይገላበጥ ብዙ ሰዓት እንዳይቆይ ነርሷን እያማከራችሁ አገላብጡት።

ዛሬ ማታ ደግሞ እናትና አባታችሁን "ግፊት ከተለካችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?" በሏቸው። "አላስታውስም" ካሉ ነገ ይዛችኋቸው ሂዱ።