ስለ ሽማግሌዎች ሕክምናና ስለ ጤና መድን

በቅዱስ ወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር መስጠቱ ዘወትር ይወሳል። ነገር ግን ገንዘቡን ከመስጠቱ አስቀድሞ የወደቀውን ሰው ቁስል እንዳሰረለትና በገዛ አህያው ላይ ጭኖ እንደ ወሰደው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዲናሩ ብቻውን ቁስለኛውን ከመንገድ ባላነሣው ነበር።

ይህን ማንሣታችን ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለመናገር ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ያገባል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ሰው በሬውን ሸጦ እንዳይታከም የሚያደርግ ሥርዐት ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ በታች አርማጭሆ፥ በሳንጃ ቆላ የሚኖር አንድ ሽማግሌ እናስብ። ማሽላና ሰሊጥ ሲዘራ ኖሮ ጉልበቱ ዝሏል፤ ዓይኑም ፈዝዟል። ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በደብዳቤ ወደ ሳንጃ ሆስፒታል፥ ከዚያም ወደ ጎንደር ይላካል። አንዱ ስለ ዓይኑ፥ ሌላው ስለ ደም ግፊቱ፥ ሦስተኛው ስለ ጉልበቱ መድኃኒት ይሰጡታል፤ መድኃኒቶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን የሚመለከትለት ግን አያገኝም። መድኑ የሕክምናውን ዋጋ ቢችልም ደግፎት የሚሄደው ልጁ የመኪናና የማደሪያ ወጪ በገዛ ኪሱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ደብተሩን በሣጥን አኑሮ ይተኛል፤ ጐረቤትም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እርጅና ግን ራሱ ደዌ አይደለም። በወጣት ላይ በትኩሳት የሚታወቀው ሕመም በሽማግሌ ላይ ያለ ትኩሳት፥ በመፍዘዝ ወይም በመውደቅ ብቻ ሊገለጥ ይችላል፤ ይህንም የሚለየው የተማረ ዓይን ነው። በእንግሊዝ አገር ማርጆሪ ዋረን የተባሉ ሴት ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1935 ዓ.ም. ጀምረው፥ አይድኑም ተብለው በአልጋ የተተዉትን አረጋውያን አንድ በአንድ መርምረው ብዙዎቹን አስነሥተዋል። በአገራችን ለዚህ ጥበብ ተለይቶ የተማረ ሐኪም እጅግ ጥቂት ነው፤ በቆላ ወረዳ አገኛለሁ ማለትም ዛሬ የሚሆን አይደለም።

ቢሆንም ባለሙያው እስኪበዛ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። አንደኛ፥ በሳንጃ ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች ይለይ፤ አንድ ሐኪም መድኃኒታቸውን ሁሉ በፊቱ አስቀምጦ ዓይናቸውን፥ ጆሮአቸውን፥ አካሄዳቸውንና አእምሮአቸውን በአንድነት ይመርምር። ሁለተኛ፥ ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጀምሮ ለገጠር ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናትና፥ ዩኒቨርሲቲዋ ለዚህ ሥራ አጭር ትምህርት ብትሰጥና ሐኪሞቿን በየጊዜው ብትልክ መልካም ነው። ሦስተኛ፥ ባልና ሚስት ዕድሜአቸው 18 ካልሞላ ልጆቻቸው ጋራ በአንድ መዋጮ ሲጠቃለሉ፥ በልጁ ቤት ለሚጦር አባት ግን ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። ይህን ጭማሪ ወረዳው ቢሸፍነው ወላጁን የሚጦር ልጅ አይቀጣም።

የመድኑ ሣጥን ይጐድላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሽማግሌ ከወጣት ይልቅ ይታመማል። ነገር ግን አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ከማከም ሳይወድቅ መመርመር ይረክሳል። ደግሞም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል።

ካህናት አባቶቻችንም የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ስለሚጐበኙ የተኛውን ሽማግሌ ከሹም አስቀድመው ያዩታል። ጸሎትና ጸበል ከሐኪም ጋራ የማይጣሉ መሆናቸውን ቢያስተምሩ፥ ስሙንም ለጤና ጣቢያው ቢያስታውቁ፥ ወላጅን የማክበርን ትእዛዝ በሥራ ፈጸሙ ማለት ነው።

መድኑ ሁለቱን ዲናር ከፍሏል። የወደቀውን አንሥቶ ማድረሱ ግን ገና ይቀረናል።