ከኮምቦልቻ በኋላ ያለው መንገድ



ልጅዎ ከጋምቤላ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ መካነ ሰላም ግቢ ተመድባለች እንበል። ስልክዎን ከፍተው ከጋምቤላ ኮምቦልቻ ያለውን ርቀት ቢጠይቁ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራው ጊዜም ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ መሆኑን ይነግርዎታል። ደስ ይልዎታል። እባክዎ በዚህ ቁጥር ብቻ ተማምነው ልጅዎን አይሸኟት።

ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ገመድ ተወጥሮ ቢለካ ያው ነው፤ ሰዓቱም የሚወጣው ያንኑ ርቀት ለአውሮፕላን ፍጥነት በማካፈል ነው። ነገር ግን የአገር ውስጥ በረራችን በአብዛኛው ቦሌን ሳይረግጥ አያልፍም። ከጋምቤላ ቦሌ 475፣ ከቦሌ ኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ከሁለቱ በረራዎች ሊረዝም ይችላል።

ከባዱ ጉዞ ግን ከኮምቦልቻ ወዲያ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ከደሴ በጉጉፍቱ ብርድና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም፤ ከደሴ ብቻ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኮምቦልቻና መካነ ሰላም በአየር ቢለካ የሚራራቁት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዴ ከፍታውን ለያዘ አውሮፕላን የአሥር፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ ነገር ነው። ለአውቶቡስ ግን ቀኑን ይበላዋል።

መካነ ሰላምም እኮ የራሷ ማረፊያ ነበራት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዳኮታ ዘመን በየአውራጃው ሣር ሜዳ ላይ ሲያርፍ እሷም አንዷ ነበረች። ኤም ኬ ኤስ የሚለው መለያዋ እስከ ዛሬ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። መደበኛ በረራ ግን የላትም። ስለዚህ ስልክዎ የመካነ ሰላምን የበረራ ሰዓት ቢያሰላልዎ ለሌለ አውሮፕላን ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ የታመመ ሰው በዚያ መንገድ ደሴ ድረስ እንዴት እንደሚጓዝ ለሚያውቅ ሁሉ የሚያሳዝን ነው።

የዚህ አገር ርቀት ድሮም በገመድ ተለክቶ አያውቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ነበር፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። በአየር ቢለካ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዛሬ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለእሳቸው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ መንገዱን ራሳቸው እየሠሩ ነበርና። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ወደ መቅደላ ሲቃረብ ገደሉን የወረደው እሳቸው ባስጠረጉት መንገድ ነበር። የበሽሎ ወንዝ ገደል ዛሬም እዚያው ነው፤ ጥልቀቱም አልቀነሰም።

የአየር ትራንስፖርት ጉዳይ በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ ያንን የመካነ ሰላም ሜዳ አስታውሱት። ትንሽ አውሮፕላን ይበቃዋል።

እርስዎ ደግሞ፣ ልጅዎ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ የምታርፍ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ መካነ ሰላም እንዳትነሣ። ደሴ ትደርና በማለዳ ትሳፈር። ከጋምቤላ ሙቀት ወጥታ ከ2500 ሜትር በላይ ወደሚገኝ ደጋ ነው የምትሄደውና ጋቢ ይያዙላት፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጇ።