ሴራሚኩን ሳይሆን ክፍተቱን እዩልኝ

በዚህች ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ግቢ ፍቅርና ስለ ካፌው ወጥ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ግድግዳ ላወራችሁ ነው። ያውም ስለ ሙሉው ግድግዳ አይደለም፤ በአንዱ ሴራሚክና በሌላው መሀል ስላለችው የሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው። እባካችሁ ገጹን አትግለጡት!

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ሲበላሽ የምንረግመው ወይ ዕቃውን ወይ ሠራተኛውን ነው። «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» እንላለን፤ «ሠራተኛው አጭበርብሮን ነው» እንላለን። እኔ ግን ብዙውን ጥፋት ያየሁት ክፍተቱ ውስጥ ሳይጠረግ በደረቀ ማጣበቂያ ነው። ሳይጠረግ የሚቀረው ደግሞ ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እኛ ለመጥረጉ ስለማንከፍል፣ ከከፈልንም ስለማናይ ነው።

ይኼን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሁለት ክረምት ቀበና ውስጥ የሰፈራችን ሴራሚክ ሠራተኛ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ማቡካት፣ ሴራሚክ ማቀበል፣ ክፍተት መጥረግ፤ ሥራዬ እነዚህ ሦስቱ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጉልበት ያለው ሁሉ ይሠራቸዋል። በሦስተኛው ግን ቀልድ የለም። ጋሼ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ «አንተ ልጅ፣ መስመሩ ጠርቷል?» ይሉኛል። ቀና ብለው ሳያዩ እንዴት እንደሚያውቁብኝ እስካሁን አልገባኝም።

ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። ማጣበቂያው ከውሃ ጋር ይቦካና ጥርስ ባለው ብረት ግድግዳው ላይ ይቀባል። ብረቱ እንደ ማበጠሪያ መስመር መስመር እያደረገ ያልፋል። ሴራሚኩ ሲጫን መስመሮቹ ይተኛሉ፣ ጀርባውን ይይዙታል። ማጣበቂያው ከበዛ ትርፉ የት ይሂድ? ዳቦ ላይ ማርማላታ አብዝታችሁ ቀብታችሁ ሌላ ዳቦ ስትደርቡበት በጎን እንደሚወጣው፣ ይኼም በጠርዙ በኩል ይወጣና ክፍተቱን ይሞላዋል። ሴራሚኩ ከተቀመጠ በኋላ «ትንሽ ወደ ግራ» ተብሎ ሲገፋማ ይብሳል፤ ጠርዙ ማጣበቂያውን እንደ አካፋ እየዛቀ ወደ ክፍተቱ ያስገባዋል። ስለዚህ ጋሼ ሴራሚኩን በቦታው ቀጥ አድርገው ይጫኑታል እንጂ አያንሸራትቱትም። እንደዚያም ሆኖ የሚወጣ አይጠፋም፤ የእኔ እንጨት እዚያ ላይ ትገባለች።

እንጨቷ ሌላ አይደለችም፣ ከሴራሚኩ ውፍረት ትንሽ ረዘም ያለች ስንጣሪ ናት። አራት አምስት ሴራሚክ በተለጠፈ ቁጥር በክፍተቱ ውስጥ አንዴ ትሳባለች፤ ከዚያ ውሃው በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ይከተላል። ማጣበቂያው እርጥብ እያለ ይኼ ጨዋታ ነው። በማግስቱ ግን ድንጋይ ነው።

ታዲያ ቢቀርስ ምን ይሆናል? ክፍተቱ በኋላ በግራውት ይሞላል። ግራውት ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ጥልቀት ካገኘ ነው። ጥሩው ልማድ ከሴራሚኩ ውፍረት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ለግራውት ባዶ እንዲቀር ነው፤ ስምንት ሚሊ ሜትር በሆነ ሴራሚክ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። ማጣበቂያው እስከ አፉ ድረስ ደርቆ ከጠበቀው ግን ግራውቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ከላይ ይቀራል። ነጭ ከሆነ ግራጫው ከሥር ያሳብቅበታል። (ማስረጃ የፈለገ በትምህርት ክፍላችን ፎቅ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ግድግዳ ይመልከት። እኔ እጄን በታጠብኩ ቁጥር ያቺን ስንጣሪ እመኛለሁ።) ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ይረግፋል።

ቀበና ውስጥ ነገሩ ከመልክ ያልፋል። ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ስትሄዱ፣ ከአዲሶቹ ሕንፃዎች ጀርባ ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች የጭቃ ናቸው፤ እንጨት ተማግሮ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተለጥፎ፣ ከላይ ሲሚንቶ የተለሰኑ። አንድ ቤተሰብ እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የሚያምረው የማድቤቱን ወይም የሻወሩን ግድግዳ ሴራሚክ ማልበስ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከሴራሚኩ ጀርባ ልስን አለ፣ ከልስኑ ጀርባ ጭቃ አለ። ግራውት ብቻውን ውሃ የሚከለክል ነገር አይደለም፤ ክፍተቱን በደንብ ሲሞላ ግን መንገዱን ያጠብበታል። ከረገፈ ዕቃ በታጠበ ቁጥር ውሃው እየሰረገ ይገባል፣ ጭቃው ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል። ይረጥባል፣ ያብጣል፣ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ልስኑ ይለቃል። በጣታችሁ ሴራሚኩን ብትመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ እናት እቁባቸው ሲደርሳቸው ማድቤታቸውን አሠሩ። እኛ አልነበርንም የሠራነው። በሁለተኛው ክረምት ከመታጠቢያው በላይ ያሉት ሴራሚኮች ይወድቁ ጀመር፤ ጋሼ ተጠሩ፣ እኔም ተከተልኩ። አንዱን አንስቼ ጠርዙን ሳየው ማጣበቂያው እስከ ላይ ድረስ ነጥሮ ደርቋል፤ የግራውቱ ቅሪት በጥፍር የሚነሳ ነው። ከግድግዳው ላይ ጭቃውን በማንኪያ መዛቅ ይቻል ነበር። ግማሾቹ ሴራሚኮች ደህና ናቸው፣ ሌሎቹ ተሰብረዋል፤ ምትክ ስንፈልግ ደግሞ ያው ዓይነት ቢገኝም ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ሴራሚክ በየምርት ዙሩ ቀለሙ ስለሚለያይ ካርቶኑን አስቀምጡ የሚባለው ለዚህ ነው። እትዬ «በዚህ ገንዘብ ለልጄ አልጋ እገዛ ነበር» አሉ። ጋሼ ምንም አልመለሱም፤ ጭቃውን መዛቅ ቀጠሉ።

ያንን ግድግዳ የሠራውን ሰው ብዙዎች ይሰድቡታል። እኔ ሒሳቡን ልሥራለት። ሴራሚክ የሚለጠፈው በካሬ ተዋውለው ነው። 25 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሴራሚክ በአንድ ካሬ አሥር ይገባል፤ በዚያ አንድ ካሬ ውስጥ ያለው ክፍተት ተቀጣጥሎ ሲለካ 6.5 ሜትር ይሆናል። አሥራ ሁለት ካሬ የሆነች ማድቤት 78 ሜትር ክፍተት አላት ማለት ነው። ደረጃውን የጠበቀ የኳስ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ነው፤ የእትዬ ማድቤት ይበልጠዋል! ያንን ሁሉ በስንጣሪና በስፖንጅ የሚሄድበት ሰው ያስፈልጋል። አሠሪው ግን ዋጋ ሲከራከር መጀመሪያ የሚቆርጠው ረዳቱን ነው፤ «ለምን ሁለት ሰው?» ይላል። ብቻውን የቀረው ሠራተኛ አንድ ካሬ ከለጠፈ ይከፈለዋል፣ 6.5 ሜትር ከጠረገ አይከፈለውም። እናንተ ብትሆኑስ? ላይ ደግሞ «ለጥምቀት ይድረስልኝ» አለበት።

ሁለተኛው ነገር ማየት ነው። አሠሪ ሲመጣ ውሃ ልክ ያስደርጋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥታውን ያያል፣ መዳፉን ያስኬድበታል። ሁሉም ሴራሚኩን ነው የሚያዩት። ክፍተቱ ባዶ ስለሆነ የሚታይ ነገር ያለው አይመስላቸውም። ግራውት ከገባ በኋላ ደግሞ የተጠረገውም ያልተጠረገውም ለወራት አንድ ዓይነት ናቸው። ማጣበቂያው እንዲይዝ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ይጠበቃልና፣ ባለቤቱ እውነቱን ማየት የሚችልባት አንዲት ማታ አለች። በሞባይል ባትሪ ከጎን ቢያበራ፣ እያንዳንዱ መስመር ጥልቅ ጥላ ካሳየ ጥሩ ነው፤ ጥላው የተቆራረጠበት ቦታ ማጣበቂያ አለ። ለዚህ ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም።

ይኼን ጽሑፍ እንደማዘጋጅ ስነግረው አንድ የክፍሌ ልጅ «ይኼ የግንበኛ ጉዳይ ነው፣ ጋዜጠኛ ምን አገባው?» አለኝ። በጣም ያገባዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 51,229 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በሬዲዮ የሰማሁት፣ በጋዜጣ ያነበብኩት እሱን ስለሆነ። ቁጥር መዘገብ ቀላል ነው፣ ይሰጠናል። ቤቱ ውስጥ ገብቶ የሻወሩን ግድግዳ በጣት መትቶ ማዳመጥ ግን ማንም በመግለጫ አያድለንም። እኛ እዚህ የዜና አጻጻፍ ስንማር «ስንት» የሚለውን ጥያቄ እንወደዋለን፤ «እንዴት» ላይ ስንደርስ ገጹ ያልቅብናል።

ለአሠሪዎች የምለው ይኼ ነው። ውሉ በካሬ ይሁን፣ ግድ የለም፤ ነገር ግን ከክፍያው የተወሰነው ባዶው ክፍተት ታይቶ እንዲሰጥ አድርጉት፣ ረዳቱንም በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። ለጋሼ ይኼን ስነግራቸው አልወደዱትም። «አሠሪ ገንዘብ መያዝ ከጀመረ ሰበብ አያጣም፤ በመጨረሻ የምቀረው እኔ ነኝ» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ እንዲህ ተደርገው ያውቃሉ። ስለዚህ የሚያዘው ገንዘብ ትንሽ ይሁን፣ የሚታይበትም ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ያን ቀን ያልመጣ አሠሪ በማግስቱ ሙሉውን ይክፈል። በዚህኛው ትንሽ ፈገግ ብለዋል።

ማጣበቂያው ደርቆ ላገኘው ሰው ደግሞ፦ ግራውት አታስገባ። ስለታም ምላጭ ይዘህ በክፍተቱ መሀል ለመሀል ደጋግመህ ሳብ፤ በሴራሚኩ ጠርዝ ላይ ተደግፈህ ከፈለቀቅከው መስታወት የመሰለው ሽፋኑ ይሸረፋል። አቧራውን በብሩሽ አውጣ፣ በእርጥብ ስፖንጅ አብስ፣ ከዚያ ሙላ። እኔና ጋሼ የእትዬን ማድቤት የተረፈውን ግድግዳ እንደዚህ ስንቆፍር ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።